መዳብ ሲመሰክር፦ ቴርሞሜትርን በሙቀት አቅም ስለ መፈተን

(ጅማ ላይ ለፊዚክስ መምህራንና ለተማሪዎች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንኳን በደህና መጣችሁ። በዚህ ዝናብ ከቤት ወጥታችሁ መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ቡናው እየተቆላ ነው፤ እስኪደርስ አንድ ነገር ላሳያችሁ።

ይህ በእጄ የያዝኩት ተራ የመስታወት ቴርሞሜትር ነው። ውስጡ ሜርኩሪ አለ። ከዜሮ እስከ መቶ ተጽፎበታል። በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ስትከቱት ዜሮ ይላል። የሚፈላ ውሃ ውስጥ ስትከቱትም ማለት ያለበትን ቁጥር ይላል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ታማኝ ነው። መሐል ላይ ግን ይዋሻል። ውሸቱን ያወቅነው ሌላ ውድ ቴርሞሜትር ገዝተን አይደለም። ያጋለጡት ውሃና የምግብ ዘይት ናቸው።

እንዴት አጋለጡት? ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው። ነገሩ ከዚህ ጠረጴዛ ይጀምርና ዓለም በሙሉ እስከሚጠቀምበት የመጠነ ሙቀት ስኬል ድረስ ይሄዳል።

"ማለት ያለበትን ቁጥር" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። መቶ አላልኩም። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት እዚህ አነስ ይላል። ስለዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራ ስንቀቅል ቆላ ካሉ ዘመዶቻችን ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚፈጅብን ለዚህ ነው። በየዓመቱ አንድ ሁለት ተማሪ "ቲቸር፣ ይሄ ቴርሞሜትር ተበላሽቷል፣ ውሃው እየፈላ 94 ይላል" ብሎኝ ይመጣል። እኔ እንዲህ ያለ ተማሪ እወዳለሁ። ያየውን ነው የሚናገረው።

አንድ የቋንቋ ነገርም አስቀድሜ ላንሳ። አማርኛችን በ"ሙቀት" ሁለት ነገር ይጠራል። "የዛሬው ሙቀት አይቻልም" ስንል የምናወራው ስለ መጠነ ሙቀት ነው፤ ቴርሞሜትር የሚያነበው እሱን ነው። "ምድጃው ሙቀት ሰጠን" ስንል ግን የምናወራው ስለ ጉልበት ነው፤ እሱ በጁል ይቆጠራል። ጀበናና ሲኒን አስቡ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ቡና 80 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። መጠነ ሙቀታቸው እኩል ነው። ጀበናው የያዘው ሙቀት ግን ሲኒው ከያዘው ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሙቀት አቅም ነው። አንድን ነገር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ስንት ጁል ያስፈልጋል? አንድ ግራም ውሃ ወደ 4.18 ጁል ይፈልጋል። አንድ ግራም መዳብ 0.385 ጁል ይበቃዋል።

አሁን ጥያቄዬ ይኸው፦ "በአንድ ዲግሪ" ስንል የማን ዲግሪ ነው? ጁሉን ከቮልት፣ ከአምፒርና ከሰከንድ እናገኘዋለን። ዲግሪውን ግን ቴርሞሜትሩ የሰጠንን ነው የምንቀበለው። ቴርሞሜትሩ ሰፋ ያለ ዲግሪ ከሰጠን ዕቃው ብዙ ጁል የበላ ይመስላል። ጠበብ ያለ ከሰጠን ደግሞ ጥቂት የበላ ይመስላል። ስለዚህ የሙቀት አቅም የሚለካ ሰው፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የቴርሞሜትሩን የዲግሪ ስፋት አብሮ እየለካ ነው። ዛሬ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ነገር ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

የእርሻ መሬት በገመድ ሲለካ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ችካል ይተከላል። በችካሎቹ መሐል ገመድ ይወጠራል። ገመዱ ላይ በየተወሰነ ርቀት ቋጠሮ አለ። የመጠነ ሙቀት ስኬልም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ችካሎቹ ተፈጥሮ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የምትደግማቸው ነጥቦች ናቸው። ውሃ፣ በረዶና እንፋሎት አብረው የሚኖሩበት ነጥብ፣ የውሃ ሦስትዮሽ ነጥብ የሚባለው፣ 273.16 ኬልቪን ነው። (ኬልቪን ስፋቱ ከሴልሺየስ ዲግሪ ጋር እኩል ነው፤ ቆጠራውን የሚጀምረው ግን ከብርድ ሁሉ መጨረሻ ነው።) ጋሊየም የሚቀልጠው በ302.9146 ኬልቪን ነው፤ ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው፣ እጃችሁ ላይ ይቀልጣል። ታች የሃይድሮጅን ሦስትዮሽ ነጥብ በ13.8033፣ የኦክስጅን በ54.3584፣ የአርጎን በ83.8058 ኬልቪን አሉ። ላይ ደግሞ ብር፣ ወርቅና መዳብ የሚረጉባቸው ነጥቦች አሉ። እነዚህ ቁጥሮች ከጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ ስኬል ቁጥሮች ናቸው።

በችካሎቹ መሐል የተወጠረው ገመድ በአብዛኛው ፕላቲኒየም ነው። ንጹሕ የፕላቲኒየም ሽቦ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ሬዚስታንሱን ለክተን በቀመር ወደ መጠነ ሙቀት እንለውጠዋለን። ችካሎቹን ተፈጥሮ ሰጠችን እንበል። ቀመሩን ግን ሰዎች ተሰብስበው የተስማሙበት ነው። ችካሎቹ ሁሉ ልክ ሆነው በመሐላቸው ያሉት ቋጠሮዎች አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ሊሆኑ ይችላሉ። ችካሉን መቶ ጊዜ ብትመረምሩት ይህን አይነግራችሁም።

ታዲያ ማን ይነግረናል? እርምጃው እኩል የሆነ ሰው ገመዱን ተከትሎ ይሂድ። በየቋጠሮው መሐል ስንት እርምጃ እንደሄደ ይቁጠር። አሥር፣ አሥር፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥር ቢል፣ አሥራ አንዱ ጋ ቋጠሮው ሰፍቷል። ያ እርምጃው እኩል የሆነ ሰው፣ ጠባዩን የምናውቀው ንጹሕ ቁስ ነው። እርምጃው ደግሞ ጁል ነው።

ወደ ቴርሞሜትራችን እንመለስ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሦስት ተማሪዎች ጋር ነበርኩ። የያዝነው ግማሽ ሊትር ውሃ፣ አንድ ፔርሙዝ፣ ባለ 12 ቮልት የሶላር ባትሪና ባለ 6 ኦም ሬዚስተር ነው። የግድግዳውን መብራት አልተጠቀምንም። ቮልቱ ሲወጣና ሲወርድ የምንሰጠው ሙቀትም አብሮ ይዋዥቃል። በባትሪው ግን መልቲሜትሩ ከ12 ቮልት ብዙም አልተነቃነቀም። ሬዚስተሩን ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከተን፣ ትንሽ ዘይት ጨምረን፣ ውሃው ውስጥ አጠለቅነው። 12 ቮልት በ6 ኦም 24 ዋት ነው። በየሰከንዱ 24 ጁል ማለት ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ ለአንድ ዲግሪ 2,090 ጁል ገደማ ይፈልጋል። አካፍሉት፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 87 ሰከንድ ይሆናል።

አንዷ ሰዓት ያዘች። አንዱ ያማስላል፤ ካልተማሰለ ላይኛው ውሃ ሞቆ ታችኛው ይቀራል። ሦስተኛው ዓይኑን ከሜርኩሪው አልነቀለም፤ ጫፉ መስመር በነካ ቁጥር "አለፈ!" ይላል። 88፣ 88፣ 89፣ 88፣ 89። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ በፔርሙዙ በኩል የሚያመልጠው ሙቀት ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ቀስ ብሎ ከፍ ቢል አይገርምም። 46 ላይ ስንደርስ ግን 94 ሆነ። ቀጥሎ 95። ቀጥሎ 93። 49ን ሲያልፍ ወደ 90 ተመለሰ።

ልጅቷ ሰዓቱን አስቀምጣ "ቲቸር፣ ውሃው እዚህ ጋ ምን ሆነ?" አለችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምናልባት አነባበባችን ይሆን ብለን አራት ጊዜ ደገምነው። አንድ ዙር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። አማካዩን ስንወስድ ጉብታው እዚያው ነው። ከ60 በላይ ደግሞ ሰከንዶቹ ከጠበቅነው በትንሹ አነስ ይላሉ።

በማግስቱ ውሃውን ደፍተን ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት ጨመርን። ዘይት ሙቀት የመያዝ አቅሙ ከውሃ ግማሽ አይሞላም። ስለዚህ አንድ ዲግሪ ወደ 40 ሰከንድ ብቻ ሆነ። ጉብታውስ? ከ46 እስከ 49፣ እዚያው ቁጥር ላይ፣ ወደ 42 ተኩል ከፍ አለ። በመቶኛ ሲሰላም ያው ነው፣ ከመቶ ስድስት ገደማ።

እስቲ አስቡት። ውሃና ዘይት በጠባይ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ሁለቱም 46 ላይ ጠባያቸውን ለውጠው፣ 49 ላይ ወደ ነበሩበት ሊመለሱ፣ ለውጣቸውም በመቶኛ እኩል ሊሆን አይችልም። በሁለቱም ውስጥ የነበረ የጋራ ነገር አንድ ነው፤ ቴርሞሜትሩ። ሌላ ቴርሞሜትር ስንከት ጉብታው ጠፋ። ከ46 እስከ 49 የመስታወቱ ቀዳዳ ሰፋ ያለ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ሜርኩሪው ለአንድ እውነተኛ ዲግሪ የሚወጣው ርቀት ያጥራል። የተሰመረው መስመር ግን እኩል ነው። ስለዚህ እዚያ ያለው "አንድ ዲግሪ" ከእውነተኛው ይበልጣል። ከ60 በላይ ደግሞ ጠበብ ስለሚል ትርፉን ይመልሳል። ጫፎቹ ልክ የሆኑት ለዚህ ነው። 49 ላይ ስንደርስ ስህተቱ ተደምሮ ሁለት አሥረኛ ዲግሪ ገደማ ነው። በሁለት ጫፍ ብቻ የሚፈትን ሰው ይህን ዕድሜውን ሙሉ አያገኘውም።

ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ ይሁን እንጂ በሳይንስ ውስጥ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ባልቲሞር ውስጥ ሄንሪ ሮውላንድ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ውሃን በሞተር በሚሽከረከር መቅዘፊያ እያማሰለ ያሞቅ ነበር። ስንት ሥራ ስንት ሙቀት እንደሚሆን ሊለካ ነው። ጁል የተባለው ሳይንቲስት፣ መለኪያው በስሙ የተጠራው፣ ከእሱ በፊት ለክቶታል። ሮውላንድ ግን ቴርሞሜትሩን አላመነውም። የሜርኩሪ ቴርሞሜትሮቹን ከአየር ቴርሞሜትር ጋር አንድ በአንድ አስተያያቸው። መስታወቱም ሜርኩሪውም ሲሞቁ የሚሰፉት ፍጹም እኩል በሆነ አካሄድ ስላልሆነ፣ ልዩነት አገኘ። ያንን ካረመ በኋላ ውሃው ሌላ ነገር አሳየው። በዚያ ዘመን የታመነው የፈረንሳዊው ሊቅ የሬኞ ልኬት የውሃ የሙቀት አቅም ከዜሮ ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል ይል ነበር። ሮውላንድ ግን እስከ 30 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ እንደሚሄድ አገኘ። የዛሬው ልኬት ዝቅተኛውን ቦታ 35 ዲግሪ አካባቢ ያደርገዋል። ዜሮ ላይ 4.217 ጁል፣ 35 ላይ 4.178፣ መቶ ላይ እንደገና 4.216 ነው። ለውጡ በሙሉ ከመቶ አንድ አይሞላም። ስኬሉን ያላጠራ ሰው ይህን ሊያየው አይችልም። እኔ ሮውላንድን የማከብረው ለዚህ ነው። ውሃውን ከመክሰሱ በፊት ቴርሞሜትሩን መረመረ።

ከዚህ በኋላ ፕላቲኒየም መጣ፤ ስህተቶቹም ረቀቁ። ረቀቁ እንጂ አልጠፉም። ስህተት የሚወደው ቦታ ደግሞ ስፌት ነው፤ ሁለት ገመድ የሚጋጠምበት ቦታ።

አንዱን ስፌት ላሳያችሁ። በ1968 የወጣው ዓለም አቀፍ ስኬል እስከ 630.74 ዲግሪ ሴልሺየስ በፕላቲኒየም ሬዚስታንስ ይሄዳል። ከዚያ በላይ እስከ ወርቅ መርጊያ ድረስ ከፕላቲኒየምና ከፕላቲኒየም-ሮዲየም ቅይጥ በተሠራ ቴርሞካፕል ይቀጥላል፤ ቴርሞካፕል መጋጠሚያው ሲሞቅ ቮልት የሚሰጥ የሁለት ሽቦ ጥንድ ነው። ስፌቱ ላይ ሁለቱ አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። ክፍተት የለም። የዲግሪው ስፋት ግን ከስፌቱ ወዲህና ወዲያ ከመቶ 0.2 ያህል ይለያያል። ቴርሞሜትሩን ብቻ የሚያይ ሰው ምንም አይታየውም። የማንኛውንም ቁስ የሙቀት አቅም እየለካ የሚያልፍ ሰው ግን 630 ላይ ደረጃ ይገጥመዋል። ለሳፋየርም፣ ለብረትም፣ ለምንም። የ1990ው ስኬል ቴርሞካፕሉን አስወጥቶ ፕላቲኒየሙን እስከ ብር መርጊያ፣ እስከ 961.78 ዲግሪ አስረዘመው። ያ ስፌትም ቀረ።

ሌላው ስፌት ታች ብርዱ ውስጥ ነው። እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ እሱ ነው። ከ1968 በፊት ዓለም አቀፉ ስኬል የሚያበቃው ኦክስጅን በሚፈላበት ነጥብ ላይ ነበር፤ ወደ 90 ኬልቪን፣ ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ገደማ። ከዚያ በታች ስምምነት የለም። ትልልቆቹ ላቦራቶሪዎች የየራሳቸውን ስኬል ይዘው ነበር የሚሠሩት። የአሜሪካው የስታንዳርድ ቢሮ በ1939 የሠራው ስኬል ነበረው። በ1954 የኬልቪን ትርጉም በውሃ ሦስትዮሽ ነጥብ ላይ ሲመሠረት፣ በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ ቀድሞ ከያዙት ቁጥር ወደ 273.15 ዝቅ አለ። ቢሮውም በ1955 ስኬሉን በሙሉ በ0.01 ዲግሪ ዝቅ አደረገው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ገመዱን በሙሉ በአንድ ጣት ወደ ግራ ብታንቀሳቅሱት የቋጠሮዎቹ ስፋት ይለወጣል? አይለወጥም። ስለዚህ ገመዱ መንቀሳቀሱን የሙቀት አቅም አይነግራችሁም ማለት ይቻላል። ይህ የዘዴው ትልቁ ገደብ ነው። ስፋት እንጂ ቦታ አያይም። ቦታውን ለማወቅ የጋዝ ቴርሞሜትር ወይም ሌላ መሠረታዊ ዘዴ ያስፈልጋል።

ስፋትን በማየት ግን የሚያህለው ጥቂት ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ እዚያው ቢሮ ያሉ ተመራማሪዎች በጥንቃቄ የተለኩ የሙቀት አቅም ውጤቶችን ሰበሰቡ። ከዚያ 90 ኬልቪን አካባቢ ከስፌቱ በታችና በላይ ያለውን የዲግሪ ስፋት በእነሱ መረመሩ። ሐሳቡ የእኛ የውሃና የዘይት ሐሳብ ነው። አንድ ቁስ ብቻውን ቢንገዳገድ የራሱ ጉዳይ ይሆናል። የተለያዩ ቁሶች አንድ ቁጥር ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መጠን ከተንገዳገዱ ግን ስኬሉ ነው።

በብርዱ ክልል ዋናው ምስክር መዳብ ነው። ከቁሶች ሁሉ እሱ ለምን ተመረጠ? ከብርድ እስከ ክፍል ሙቀት ድረስ ድንገተኛ ለውጥ አያሳይም። በጣም ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ሙቀት በውስጡ ቶሎ ይዳረሳል። ከሁሉም በላይ ብርዱ ውስጥ ጠባዩን ቲዎሪ ይነግረናል። ከጥቂት ኬልቪን በታች ሙቀቱን የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ኤሌክትሮኖቹና የአቶሞቹ ንዝረት። የኤሌክትሮኖቹ ድርሻ ከመጠነ ሙቀቱ ጋር እኩል ያድጋል። የንዝረቱ ድርሻ፣ የፊዚክስ ሊቁ ደባይ በ1912 እንዳሳየው፣ በመጠነ ሙቀቱ ኩብ ያድጋል። የሙቀት አቅሙን ለመጠነ ሙቀቱ አካፍላችሁ፣ ከመጠነ ሙቀቱ ስኩዌር ጋር ግራፍ ብትሠሩ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ቀጥ ያለ መስመር ላይ ጉብታ አይደበቅም። በ1960ዎቹም ከአንድ ምንጭ የተዘጋጀ ንጹሕ መዳብ ለተለያዩ ላቦራቶሪዎች ተዳርሶ፣ ሁሉም ያንኑ መዳብ እንዲለካ ተደረገ። በሁለት ቦታ ውጤቱ ከተለያየ፣ መዳቡ አንድ ስለሆነ፣ ጥያቄው ወደ ቴርሞሜትሩና ወደ አለካኩ ይዞራል። ከክፍል ሙቀት በላይ ይህን ሥራ በብዛት የሚሠራው ሳፋየር ነው።

አሁን የዘዴው ጉልበት ከየት እንደሚመጣ በቁጥር ላሳያችሁ። 20 ኬልቪን ላይ ነን። ስኬሉ ከዚህ ቋጠሮ እስከ ቀጣዩ፣ በአንድ ኬልቪን ውስጥ፣ 5 ሚሊኬልቪን ይስታል እንበል። አምስት ሺኛ ዲግሪ ነው። ከ20 ኬልቪን አንጻር ከመቶ 0.025 ብቻ፤ ማን ያየዋል? ከአንዱ ኬልቪን ስፋት አንጻር ግን ከመቶ 0.5 ነው። የሙቀት አቅሙ በግማሽ ፐርሰንት ይዛነፋል። ስህተቱ ሃያ እጥፍ ጎልቶ ወጣ። ስኬል ውስጥ ያለ ትንሽ እጥፋት፣ በራሱ ሲታይ የማይታየው፣ ስፋቱን ስትለኩ ተራራ ይሆናል።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ፣ ከእናንተም አንዱ እጁን ሊያወጣ ነው። ቁሱ ራሱ እውነተኛ ጉብታ ቢኖረውስ? ይኖራል። ብረት ማግኔትነቱን በሚያጣበት 770 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ትልቅ ጉብታ አለው። ኳርትዝ በ573 ዲግሪ አወቃቀሩን ይለውጣል። ፈሳሽ ሂሊየም በ2.17 ኬልቪን ላይ ተራራ የሚያህል ጉብታ ያሳያል። እነዚህ የተፈጥሮ ጌጦች ናቸው፤ "አለስልሰን" የምናጠፋቸው አይደሉም። ልቤን የሚነካኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ግራፍ ላይ ጉብታ አይቶ ያለ ምርመራ በለስላሳ መስመር የሚያልፍ ሰው፣ ወይ የስኬል ስህተት ይደብቃል፣ ወይ አንድ ግኝት ይቀብራል። ማጣሪያው ያው ነው፤ ሌላ ምስክር ጥሩ። ቁሱን ለውጡ፤ ጉብታው ከቀረ የቁሱ ነበር። ቴርሞሜትሩን ለውጡ፤ ጉብታው ከቀረ የቴርሞሜትሩ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ልኬቱ ጠንካራ ሲሆን ነው። ፔርሙዛችን ስድስት ፐርሰንት አሳየን። አንድ ሺኛን ወይም አንድ አሥር ሺኛን ለማየት ሌላ ዕቃ ያስፈልጋል። ዋናውን መንገድ የከፈተው በ1910 አካባቢ ጀርመናዊው ሊቅ ኔርንስት ነው። ናሙናው በቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ዙሪያው አየር የለም፣ ቫኪዩም ነው። ዙሪያውን ጋሻ አለው። ጋሻው ከናሙናው ጋር እኩል እንዲሞቅ በየጊዜው ይስተካከላል፤ እኩል ከሞቁ ሙቀት ወዲህም ወዲያም አይሄድም። ለተወሰነ ሰከንድ የኤሌክትሪክ ሙቀት ይሰጠዋል። ይቋረጣል። ይጠበቃል። ይነበባል። ደግሞ ይሰጠዋል። ባዶው ዕቃ ራሱ የሚበላው ሙቀት ለብቻው ተለክቶ ይቀነሳል። ከ10 እስከ 300 ኬልቪን አንድ ናሙና ለመጨረስ ብዙ ቀናት ያልፋሉ። በእንዲህ ያለ ትዕግሥት የሚሠሩ ሰዎች ቁጥራቸው ሲናገር ዓለም የሚሰማቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስኬሎችም ተስተካክለዋል። በ1958 የወጣው የሂሊየም ስኬል ሂሊየም የሚፈላው በ4.2150 ኬልቪን ነው ይል ነበር። ማግኔታዊ ቴርሞሜትሮችና ሌሎች ልኬቶች ይህ ቁጥር ከእውነተኛው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳዩ። በ1976 ለብርድ ክልል የወጣው ጊዜያዊ ስኬል ቁጥሩን 4.2221 አደረገው። ልዩነቱ 7 ሚሊኬልቪን ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን እዚያ ታች ከሺህ ሁለት ክፍል ገደማ ናት። የመዳብን ቀጥ ያለ መስመር በአሮጌው ስኬል የሠራ ሰው ቁጥሮቹን እንደገና ማስላት ነበረበት። የ1990ው ስኬል ሲመጣም የሙቀት አቅም ሰንጠረዦች እንደዚሁ ተሰሉ።

ዛሬስ አልቋል ወይ? አላለቀም። ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ ኬልቪን የተመሠረተው መጠነ ሙቀትን ከጉልበት ጋር በሚያገናኘው በቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር ላይ ነው። በየላቦራቶሪው በየቀኑ የምንሠራበት ግን አሁንም የ1990ው ስኬል ነው። በጋዝ ውስጥ የድምፅን ፍጥነት የሚለኩ ቴርሞሜትሮች፣ ይህ ስኬል ጋሊየም በሚቀልጥበት ቦታ ከእውነተኛው መጠነ ሙቀት በ4 ሚሊኬልቪን ገደማ እንደሚያንስ አሳይተዋል። ከውሃ ሦስትዮሽ ነጥብ እስከ ጋሊየም 30 ዲግሪ ነው። 4 ሚሊኬልቪንን ለ30 ኬልቪን ብታካፍሉት፣ ከአሥር ሺህ አንድ ክፍል ከትንሽ ነው። ምርጥ የሚባሉት ካሎሪሜትሮች፣ የሙቀት አቅም መለኪያዎቹ፣ የሚደርሱበት ጠርዝ እዚያው አካባቢ ነው። እዚህ ካላችሁት ተማሪዎች አንዱ ወይም አንዷ ያንን ጠርዝ ስታልፍ ማየት እመኛለሁ።

ለጤና ጣቢያው ይህ ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሐል ነው። ፍሪጁ ላይ የተሰካችው ቴርሞሜትር በዜሮ ብቻ ተፈትና ከሆነ 8 ላይ ምን እንደምትል ማንም ዋስትና የለውም። በፔርሙዝና በባትሪ ልትፈትኗት ትችላላችሁ።

የመጨረሻውን ላሳያችሁና ቡናውን እንጠጣ። ውሃና ዘይት ቴርሞሜትሩን ከሰሱት። እኛ ግን በእነሱ ቃል ብቻ ልንፈርድበት አልፈለግንም። የድሮ ቴርሞሜትር ሠሪዎች አንድ ዘዴ ነበራቸው። ቴርሞሜትሩን ቀስ ብሎ በመነቅነቅ ከሜርኩሪው ትንሽ ክር ቆርጠው ይለዩና በቀዳዳው ውስጥ እያንሸራተቱ ርዝመቷን ይለካሉ። የሜርኩሪው መጠን አይለወጥም። ስለዚህ ቀዳዳው ጠባብ ሲሆን ክሯ ትረዝማለች፣ ሲሰፋ ታጥራለች። እኛም ሦስት ዲግሪ የምትረዝም ክር ለየን። 20 ላይ ሦስት ዲግሪ ናት። 30 ላይ ሦስት። 40 ላይ ሦስት። አሁን ቴርሞሜትሩን በማጉያ መነጽር ስር አስቀምጫለሁ፣ ክሯም ተለይታለች። አንድ በአንድ ኑ፣ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት፣ 46 ላይ ስትደርስ እዩዋት። 2.8 ላይ ትቆማለች።